ሰባት ሲዲአይ ያቃጠለው ማሽናችን

በመጨረሻው ደህና ቀን ወንድሜ ይማም ባጃጅ ተራ ላይ ቆሞ ጤነኛ ሲዲአይ ይለምን ነበር።

ልመና ያልኩት ሌላ ቃል ስላጣሁ ነው። ማክሰኞ ነበር፣ ረፋዱ ላይ። ከሚሴ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባጃጆቹ ተሰልፈዋል። ይማም የሠራውን ማሽን በክንዱ አቅፏል። እኔ ባትሪውን ተሸክሜ ከኋላው ቆሜያለሁ። ባትሪው ስለከበደኝ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ብቻ ነበር የምመኘው።

«አንድ ብቻ» አለ ይማም። «የሚሠራ፣ ያረጀ፣ አንድ ሲዲአይ። ለሩብ ሰዓት። እዚሁ፣ ዓይናችሁ እያየ።»

አንዱ ሾፌር መስተዋቱን መጥረግ ጀመረ። መስተዋቱ ንጹሕ ነበር።

አብዱ የተራው አስከባሪ ነው፣ የራሱም ባጃጅ አለው። ሰው ሲናገር አያቋርጥም፤ ጨርሶ እስኪያልቅለት ይጠብቅና ከዚያ ይጨርሰዋል።

«አካም ጅርታ፣ ይማም» አለው። «ነጋያ? ልጆቹ ደህና ናቸው? አልሐምዱሊላህ። እና አሁን የምትለን፣ ጤነኛውን አምጡልኝና ልግደልላችሁ ነው?»

«አይገድልም። አስተካክዬዋለሁ።»

«ያኔስ ይገድላል ብለኸን ነበር እንዴ?»

ታክሲ የሚጠብቁት ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ይማምም ሳቀ። እሱ በራሱ ላይ ሲሳቅ አብሮ የሚስቅ ሰው ነበር፤ እኔ ግን ጆሮዬ ይግላል።

«አዲስ ገዝተን ሞክረንበታል» አልኩ እኔ፣ ማገዜ ነው። «ሦስት ቀን ሙሉ ሠርቶ ምንም አልሆነም።»

«አዲስ ነዋ!» አለ አብዱ። «አዲስ ምን ይቸግረዋል? የእኛ በአንድ እግሩ የቆመ ነው። ኡፍ ስትለው ይወድቃል።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሲዲአይ ማለት የክብሪት ሳጥን የሚያክል ጥቁር ዕቃ ነው። በባጃጅ ውስጥ ለካንዴላው እሳት የሚልከው እሱ ነው። እሱ ከተቃጠለ ባጃጁ ጎማ ያለው ወንበር ነው። የእኛ ማሽን የተሠራው ሲዲአይ ጤነኛ መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር ነበር፤ ግን ሰባት ጤነኞችን አቃጥሏል። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ይማም ስህተቱን አግኝቶ አርሞታል፤ ይህን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያምነው አልነበረም። ማስረጃ የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ሾፌር ያረጀ ጤነኛ ሲዲአዩን አምኖ ሰጥቶ ጤነኛውን መልሶ ሲወስድ። ያ ካልሆነ ባጃጅ ወደ ሱቃችን አይመጣም። ባጃጅ ካልመጣ ሱቁ አይኖርም።

ባዶ እጃችንን ተመለስን። ባትሪውን ሳልቆጥር ማለቴ ነው።

ይህን የምጽፈው ሥራዬ ስለተለወጠ ነው። ዘንድሮ በባትሪ የሚሄዱ ባጃጆች ወደ ከተማችን ገብተዋል። ካንዴላ የላቸውም፣ ሲዲአይም የላቸውም። ባለፈው ሳምንት አንዱ መጥቶ «ወንድምህ የሠራውን ማሽን በዚህ ላይ አድርገህ እየው» አለኝ። የሚታይ ነገር እንደሌለው ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። አሁን የምሠራው ቻርጀርና ባትሪ ነው። የማሽኑ ዘመን እያለፈ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ከማለፉ በፊት ታሪኩን ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ጽሑፍ ልማዴ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት የደንበኛና የብልሽት ስም ብቻ ነው። ዝብርቅ ቢል ይቅርታ።

ከይማም ጋር የሠራሁት ዘጠኝ ዓመት ነው። በፈተናው ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አልመጣልኝም። ያን ዕለት ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ድምፁን ቀንሶ ሲያወራ ይማም ብቻ ገብቶ «ነገ ጠዋት እጅህን ታጥበህ ና» አለኝ። እጅ መታጠብ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቅኩት። «ቅባት ያለው እጅ የብየዳ ሊድ አይቀበልም» አለ። ስለ ፈተናው ያለኝ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሠራነው በመስጊዱ አጥር ጥግ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጠረጴዛውን ከነሬዲዮው አንሥተን እንሮጥ ነበር። ቀጥሎ ኮንቴይነር ተከራየን፤ እዚያ ዝናብ የለም፣ ግን ከስድስት ሰዓት በኋላ ሊዱ የብየዳው ካውያ ሳይነካው የሚቀልጥ ይመስል ነበር። በመጨረሻ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል አገኘን። በገበያ ቀን ደግሞ ዕቃችንን ጭነን ጨፋ ሮቢት እንወርዳለን፤ የከብት ደላሎችን ድምፅ ማጉያ፣ የገበሬዎችን ሬዲዮና የእጅ ባትሪ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠን እንጠግናለን።

አለቃዬ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ወንድሜ። ግን አለቃነቱ ከባድ ነበር። አንደኛ፣ ዕቃ ከመክፈቱ በፊት ያሸታል። ሬዲዮ ሲሰጡት እንደ ሐብሐብ አገላብጦ ያሸተዋል። አንዲት ሴትዮ ይህን አይታ «የእኔ ንጹሕ ነው፣ ትናንት ጠርጌዋለሁ» ብላ ተቀይማለች። ሁለተኛ፣ ከሰው ጋር በአማርኛም በኦሮምኛም ያወራል፣ ለዕቃ ግን የሚናገረው በኦሮምኛ ብቻ ነው። ካውያውን ከነካ በኋላ ማብሪያውን ይጫንና «ካኢ! ካኢ!» ይለዋል፣ ተነሥ ማለቱ ነው። ለምን በኦሮምኛ እንደሆነ ብጠይቀው «እናታችን ከእንቅልፍ የምትቀሰቅሰን በምን ነበር?» አለኝ።

ሦስተኛው የባሰ ነው። ግምት ሳይጻፍ ክዳን አይከፈትም። ብልሽቱ ምን ይመስልሃል ይለኛል፤ እኔ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ አጥፌ እሰጠዋለሁ፣ ኪሱ ይከተዋል። ጥገናው ሲያልቅ አውጥቶ ያነበዋል። እኔ ሁልጊዜ «ካፓሲተር» እጽፍ ነበር። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ይህ ዕቃ ከሁሉ ቶሎ ስለሚበላሽ አንዳንዴ ይገጥምልኛል። ከአንድ ዓመት በኋላ ይማም ወረቀቶቹን ሁሉ ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። «አንተ እኮ ጠጋኝ አይደለህም» አለኝ። «አንድ ዱዓ ብቻ የሚያውቅ ሰው ነህ።»

ጨፋ ሮቢት ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤታቸው የሚዘፍን፣ እኛ ዘንድ ሲመጣ ዝም የሚል ሬዲዮ ሦስት ገበያ አመጡልን። እኔ ሦስቴ «ካፓሲተር» ጻፍኩ። በሦስተኛው ይማም ሬዲዮውን ትቶ ሰውየውን ማየት ጀመረ። «አባባ፣ እስቲ ከቤትዎ እንዳመጡት አድርገው ይያዙት» አለ። ሽማግሌው ሬዲዮውን ዘቅዝቀው በብብታቸው ሸጎጡት። የባትሪ ድንጋዩ ከቦታው ሸሸት ብሎ እዚያው ቀረ። ቤት ሲደርሱ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። አንዲት እጥፍ ወረቀት ከድንጋዩ ኋላ ሸጎጥን፣ አለቀ። ሽማግሌው ዶሮ ሊሰጡን ፈለጉ፣ ይማም እንቢ አለ። እኔ ብሆን አልልም ነበር።

ወደ ማሽኑ ልምጣ።

ከሚሴ ባጃጅ ሲበዛ የእኛም ሥራ ወደ ባጃጅ ዞረ። ባጃጅ አልነሣ ሲል ሾፌሩ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሲዲአዩን ነው። ያንን ለማወቅ ደግሞ ሲዲአዩን ገጥሞ፣ ካንዴላውን ነቅሎ ብረት ላይ አስጠግቶ፣ ሞተሩን ማዞር ያስፈልጋል። ባትሪው የደከመ ባጃጅ በእጅ ማንሻ ነው የሚዞረው። ማንሻውን የምስበው እኔ ነኝ። ይማም ካንዴላው ላይ ዓይኑን ተክሎ «አንዴ! ደግሞ! አላየሁትም፣ ደግሞ!» ይላል። አንድ ቀን ስድስት ባጃጅ ገባ። ማታ እጄን ወደ አፌ ማንሣት አቃተኝ፤ የይማም ሚስት ናት ያጎረሰችኝ። ይማም ይህን አይቶ ወደ መኝታው ሄደ። በማግሥቱ ጠረጴዛው ላይ አንድ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ አስቀምጦ ጠበቀኝ። ማሽኑ የተሠራው ለእኔ ትከሻ ሲባል ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ለሲዲአዩ አንዲት አጭር የኤሌክትሪክ ምት ትደርሰዋለች። ምቷን ሲያገኝ እሳቱን ይለቃል። እንግዲህ ምቷን የሚሰጥ ትንሽ ማሽን ካለ ሞተሩም የእኔም ትከሻ አያስፈልጉም። ቮልዩም ስታዞር ምቱ ይፈጥናል፣ ስትመልሰው ይዘገያል። ባጃጁ ዳገት እንደሚወጣ ወይም ቆሞ እንደሚያጓራ አድርገህ ጠረጴዛ ላይ ታስመስለዋለህ።

የማሽኑ ልብ ስምንት እግር ያለው፣ አይሲ የሚባል ጥቁር ቁራጭ ነው። ከአንድ ከተጣለ የባትሪ ቻርጀር ነቀልነው። ይማም አሠራሩን ያስረዳኝ በጀሪካን ነው። «ካፓሲተሩን ጀሪካን አድርገው» አለ። «ውሃ ይሞላዋል። አይሲው አጠገቡ ቆሞ ያያል። ሊሞላ ሲል ክፈቱት ይላል፣ ይፈስሳል። ሊያልቅ ሲል ዝጉት ይላል፣ እንደገና ይሞላል። እየሞላ ሳለ መውጫው ላይ ኤሌክትሪክ አለ። እየፈሰሰ ሳለ የለም። ቮልዩሙ ቧንቧው ነው። ስታጠበው ቀስ ይላል፣ ስታሰፋው ይጣደፋል።»

ቮልዩሙን ከሬዲዮ፣ ካፓሲተሩን ከዲቪዲ ማጫወቻ፣ ማዞሪያውን ከሞተ ቴሌቪዥን አገኘን። በሦስተኛው ቀን ባትሪ ላይ አሠርነው። መውጫው ላይ ትንሽ የሬዲዮ ስፒከር ስንነካው «ቧ፣ ቧ፣ ቧ» አለ። ይማም «ካኢ!» አለው፣ ቀድሞ የተነሣውን። ከዚያ ተቃቀፍን። ያ «ቧ» የሚለው ድምፅ ያን ጊዜ ሊነግረን የሞከረውን አልሰማነውም።

የመጀመሪያው ሳምንት የክብር ሳምንት ነበር። ለመብራትም ለጡሩምባም የመጣ ባጃጅ ሲዲአዩ በማሽኑ ያልፋል። መጀመሪያ ትንሽ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል። «ተቃጥሏል» ይላል ይማም፣ እንደ ሐኪም ፊቱን ቀጨም አድርጎ። ሾፌሩ ይተክዛል፣ አዲስ ይገዛል፣ ባጃጁ ይነሣል፣ ያመሰግነናል። በስድስት ቀን ስድስት ሲዲአይ። «ይህ ማሽን ባይኖር ስንት የተቃጠለ ሲዲአይ በከተማው ሲዞር ነበር!» ይላል ይማም። የተቃጠለ ሲዲአይ ያለው ባጃጅ እንዴት በከተማው ሊዞር እንደሚችል አንዳችንም አልጠየቅንም።

በሰባተኛው ቀን ጋሽ ኢብሬ መጣ። ከባጃጅ ሾፌሮቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚነዳ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። የመጣው ለኋላ መብራት ነው። እየነዳ መጥቶ በራችን ላይ አቆመ። መብራቱን በአምስት ደቂቃ ሠራሁለት።

«ጋሽ ኢብሬ፣ እግረ መንገድህን ሲዲአይህን በነፃ ልመርምርልህ» አለ ይማም።

«ምን ሆኗል?»

«ምንም። እንዲያው ለማወቅ።»

«እንግዲህ ቢስሚላህ» አለ ጋሽ ኢብሬ፣ ሰው ላለማስቀየም ብሎ።

ማሽኑ ላይ አደረግነው። ብልጭ አለ። ብልጭ አለ። ከዚያ ጠፋ።

«ተቃጥሏል» አለ ይማም።

«ማን?»

«ሲዲአይህ።»

ጋሽ ኢብሬ ወደ ባጃጁ ዞር ብሎ አየ። ሞተሩ ገና ትኩስ ነበር። «አሁን እየነዳሁት መጣሁ እኮ፣ ይማም» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ ሳታውቀው እኮ ነው የ...» ብሎ ጀመረና ይማም አቆመ። ማሽኑን አየ። ሲዲአዩን በእጁ ነካ አድርጎ ቶሎ ለቀቀው። ይፋጅ ነበር። ከዚያ እኔን አየኝ፤ እኔም አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። የጋሽ ኢብሬ ባጃጅ በራሷ መጥታ በገመድ ሄደች። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ይማም ያን ቀን ምሳ አልበላም። ከሰዓት በኋላ ተራው ላይ ሄዶ ሾፌሮቹን ሰበሰበ። እኔ እቤት ልቅር ብዬ ነበር፣ «ና፣ አብረን ነው የገደልናቸው» አለኝ። መሀል ቆሞ ተናገረ። «ሰባቱም ሲዲአዮች ጤነኛ ነበሩ። ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። ሰባቱንም እተካለሁ።» ተካም፤ ስለዚያ አልጽፍም። ከዚያ አብዱ «ቀጥል» አለው። «ሌላስ የገደልከው አለ?»

ስህተቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ከዚያ በፊት ወረቀት ላይ ጻፍ አለኝ፣ ግምቴን። «ካፓሲተር» ብዬ ልጽፍ ነበር፣ አፈርኩና «አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ። አነበበውና «የመጀመሪያው ትክክለኛ መልስህ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲዲአይ ውስጥ አንዲት በር አለች። ምቱ ሲመጣ በሯ ትከፈታለች፣ የተጠራቀመው እሳት ዘሎ ይወጣል፣ በሯ ወዲያው መዘጋት አለባት። እኛ ለመሙላቱም ለመፍሰሱም አንድ ቧንቧ ነበር የሰጠነው። ምቱን ለማዘግየት ቮልዩሙን ስናጠብ በምቶቹ መሀል ያለው ዝምታ ብቻ ሳይሆን ምቱ ራሱ ይረዝማል። «ቧ» ያለው ለዚያ ነው። በሯን ከፍተን ይዘን ቆመናል ማለት ነው። ሲዲአዩ ሊዘጋ ይታገላል፣ እኛ እንገፋለን፣ በመጨረሻ ይነድዳል። ቀስ ባልን ቁጥር፣ ጥንቃቄ መስሎን፣ የበለጠ እንገድል ነበር።

ይማም ሁለት ዳዮድ ጨመረ። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። መሙያውን በአንደኛው፣ ማፍሰሻውን በሌላው አደረገ። መሙያው አጭር ሆኖ ተቆለፈ፣ ማንም አይነካውም። ቮልዩሙ የሚያዘው ማፍሰሻውን ብቻ፣ ማለትም ዝምታውን ብቻ ሆነ። ምቱን ማየት የሚቻልበት መሣሪያ አልነበረንም፤ እሱ ያለው ትልቅ ከተማ ነው። እኛ ያለን ቮልት የሚለካ ባለ መርፌ ቴስተር ነው። ይማም እንዲህ አሰበ፦ ባትሪው አሥራ ሁለት ቮልት ከሆነና ምቱ ግማሹን ጊዜ ከያዘ መርፌው ስድስት ላይ ይቆማል። ያ አሮጌው ማሽናችን ነው። አሁን መርፌው ከዜሮ ፈቀቅ ብሎ የሚንቀጠቀጥ ብቻ መሆን አለበት፤ ቀስ ስንል ደግሞ መውረድ እንጂ መውጣት የለበትም። አዞርን። ወረደ። ስፒከሩን ነካን። «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» አለ፣ ደረቅ ድምፅ። ይማም በዚህ ጊዜ አላቀፈኝም። «ደስታውን ባረጀ ሲዲአይ ላይ ካየነው በኋላ» አለ።

እንግዲህ ያ ማክሰኞ የመጣው በዚህ ነው።

ከተራው ተመልሰን ከሰዓት በኋላ ሁለት የእጅ ባትሪና አንድ ቻርጀር ሠራን። ይማም ደረቱን እያሸ «የአብዱ ነገር ነው ቃር የሆነብኝ» ይል ነበር። በኋላ «አይ፣ ሳምቡሳው ነው» አለ። ሁለት ሳምቡሳ በልቶ ነበር። ሐኪም ቤት ሂድ አላልኩትም። ሳምቡሳ ነው አለኝ፣ እኔም ሳምቡሳ ነው አልኩ። ሱቁን ስንዘጋ «ነገም እንሄዳለን። እንቢ እስኪሰለቻቸው» አለኝ። ይኸው ነው። ሌላ ያለው ነገር ካለ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። የለም።

ረቡዕ ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ አልተነሣም። ሚስቱ ልትቀሰቅሰው ሄዳ ጮኸች። ሐኪሙ በኋላ ልብ ነው አለ። በዚያው ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርነው። የባጃጅ ሾፌሮቹ በሙሉ መጥተው ለቀስተኛውን በነፃ አመላለሱ። እኔ አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» ሲለኝ «አሚን» እላለሁ፤ በውስጤ ግን ባትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር።

በማግሥቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከቤቱ ደጃፍ በተዘረጋው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሰው እንቀበል ነበር። አብዱ መጣ። ዱዓ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጀማል» አለኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

«አቤት።»

«ማሽኑ የት ነው?»

«ሱቅ።»

ከኮቱ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ በጉልበቱ ሥር ሰጠኝ። ገለጥ አድርጌ አየሁት። ያረጀ ሲዲአይ፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠጋገነ።

«ከባጃጄ ነቅዬ ነው። በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«ዛሬ?» አልኩት።

«ማክሰኞ መስጠት ነበረብኝ። ሳቅሁበት እንጂ።» ምንጣፉን ይነጭ ጀመር። «ቢቃጠልም ቅር አይለኝም።» ትንሽ አሰበ። «ይለኛል። ግን አልናገርም።» ደግሞ አሰበ። «እናገራለሁ፤ ግን ለአንተ አይደለም፣ ለሌላ ሰው ነው።»

ፈራሁ። ማሽኑን ብቻዬን ሠርቼበት አላውቅም። ይህ ሲዲአይ ቢቃጠል ሰው ሁሉ ይማም ሳያርመው ሞተ ይላል፤ እሱ ተነሥቶ አይመልስላቸውም። ባልሞክረው ደግሞ ያው ነው የሚሉት። ተነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አለ አጎቴ፣ ዓይኑን አፍጥጦ። «ሰው እየመጣ!»

«የይማም ጉዳይ አለ» አለ አብዱ።

«ይማም ምን ጉዳይ ቀረው?»

«አንድ ቀርቶታል» አለ አብዱ፣ እጄን ይዞ ጎተተኝ።

በእግራችን ሄድን። ተራ አስከባሪው በእግሩ ሲሄድ ያዩ ሾፌሮች ምን እንደሆነ ለማየት ከኋላ ተከተሉን። ሱቁን ስከፍት ስድስት ሆነዋል፣ ጋሽ ኢብሬም አለበት። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ክዳኑን እንደከፈተ ነበር። መጀመሪያ ባለ መርፌውን ቴስተር አደረግኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መርፌው ይንቀጠቀጣል፤ የትኛው የማን እንደሆነ ለማወቅ እጄን አንሥቼ መጠበቅ ነበረብኝ። መርፌው ከዜሮ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነበር። ልክ ነው።

የአብዱን ሲዲአይ ገጠምኩ። ካንዴላውን ብረቱ ላይ አስተኛሁ። ቮልዩሙን ወደ መጨረሻው ቀስታ መለስኩት፣ ሰባቱ ወዳለቁበት።

«ቢስሚላህ በል እንጂ» አለ አንዱ።

«ብያለሁ።»

«ጮክ ብለህ።»

«ቢስሚላህ» አልኩና ማብሪያውን ተጫንኩ።

ጠቅ። ሰማያዊ ብልጭታ። ጠቅ። ሰማያዊ ብልጭታ።

ይማም ሩብ ሰዓት ነበር ያለው፣ ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ሩብ ሰዓት ረጅም ነው። ስድስት የባጃጅ ሾፌሮች በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትንፋሻቸውን ውጠው አንዲት ካንዴላ ያያሉ። ጋሽ ኢብሬ መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ አውጥቶ ነበር፤ ሳያውቀው በማሽኑ ጠቅታ መቁጠር ጀመረ። አንድ ጠቅ፣ አንድ ፍሬ። አንድ ጠቅ፣ አንድ ፍሬ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰዓቱ ሲያልቅ ፍጥነቱንም ልየው ብዬ ቮልዩሙን ከፍ አደረግኩት። ጋሽ ኢብሬ ጣቱ ሊደርስበት አልቻለም።

«ቀስ በል እንጂ ልጄ!» አለ ተቆጥቶ። «አስታግፊሩላህ እያልኩ ነው!»

አብዱ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ጋሽ ኢብሬም ሳቀ። እኔም መሳቅ ጀምሬ ነበር፤ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነብኝ፣ ትከሻዬ ይርገፈገፍ ጀመር። ማንም እንዳላየ ሆኖ ካንዴላውን ማየቱን ቀጠለ። በእነሱ ዘንድ ትልቅ ጨዋነት ነው።

ማሽኑን አጠፋሁ። ፊቴን በክንዴ ጠረግኩና መዳፌን ሲዲአዩ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነበር። እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቃዛ። እጄን እዚያው ተውኩት።

«ምነው፣ ሞቀ እንዴ?» አለ አብዱ ደንግጦ።

«አልሞቀም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታዲያ ልቀቀዋ ወንድሜ» አለ። «በእግሬ ነው እኮ የመጣሁት።»

ለቀቅኩት።